ሳልሰማ እሺ ያልኩት

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

አዲስ ቡድን መጣ። ሁለተኛ ክፍል፣ አሥራ አራት ልጆች። ግማሾቹ ነጭ ካልሲ አድርገዋል... ጭቃ እንዳለ ለእናቶቻቸው የነገረ የለም ማለት ነው። እኔ ከፊት፣ ሎጋው ከኋላ። ሦስት ዓመት እንዲህ ነው ልጆች ይዘን ጫካ የምንገባው። የዛፍ ቅርፊት ላይ ወረቀት ለጥፈው በከለር እየፈተጉ አተሙ። አንዷ "ይኼ እንደ አያቴ እጅ ነው" አለች። ሎጋው በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ። እያንዳንዱ የራሱን ዛፍ ይመርጣል፣ አሥር ደቂቃ ሥሩ ይቀመጣል፣ ሲነሳ የሰማውን ይናገራል። ከቀኑ ሁሉ የምወደው ሰዓት። አንዱ ልጅ "ዘይት ያልተቀባ በር የምትመስል ወፍ" አለ። ይኼ ልጅ ለፍላፊ ነው፤ ስሙን ሳልይዝ ይህን ያዝኩለት። ሌሎቹም ሰምተዋታል። ሎጋውም ሰምቷል። እኔስ? ውሃውን ሰማሁ። ንፋሱን ሰማሁ። "እኔም ሰማኋት" አልኩ። ምን አስዋሸኝ?

መምህርታቸው ስንመለስ ወደ ጎን ወሰደችኝ። ሹራቧን እስከ አገጯ የቆለፈችውን ልጅ በዓይኗ አሳየችኝ። "ትምህርት ቤት ሁለት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ቤቷ ታወራለች አሉ። ድንገት ካወራችሽ ድገሚ እንዳትያት። ድገሚ ካሏት ጥርቅም ነው።"

ለራሴ ጭምቷ ብያታለሁ።

ጥቅምት 8

"ቴሌቪዥኑን ቀንሺው" አለ ባሌ። ቀነስኩ። "ኧረ ቀንሺው፣ ጎረቤቱ በኛ ነው ዜና የሚሰማው።" ሳቅኩ። ስቀንሰው ዜና አንባቢዋ አፏን ብቻ ታንቀሳቅሳለች።

ኩክ ይሆናል። ላሳጥበው።

እማዬ ትዝ አለችኝ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ገበታ ላይ ስንስቅ ትስቅ ነበር፣ ትንሽ ዘግይታ። የጠየቅናትን ሁሉ እሺ። አንድ ቀን ወንድሜ "እማዬ፣ ቤቱን ሸጠን ሰርከስ እንግባ?" አላት። "እሺ ልጄ።" ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሷም ሳቀች።

ጥቅምት 12

ለፍላፊው እየሮጠ መጣ። "ቲቸር፣ ታወራለች። ለጉንዳኖች ታወራለች።"

ቀስ ብዬ ሄድኩ። ጭምቷ ዛፏ ሥር ተንበርክካ፣ ማጉያ መነጽሩን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሦስት እርምጃ ላይ ቆምኩ። ምንም። ሎጋው በኋላ ነገረኝ፤ "ተራ ያዙ፣ አትጋፉ" ነው የምትላቸው አለ። ሁለታችንም እንደ ልጅ ደስ አለን።

እሱ ግን ከኔ ይልቅ ርቆ ነበር የቆመው።

ጥቅምት 14

ኩክ የለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጆሮዬን በመብራት አየችና "ንጹህ ነው" አለች። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ጻፈችልኝ። ቀጠሮ ለ28።

ጥቅምት 19

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የመመለሻ ሰዓት ነበር። ወንዙን በእንጨት ድልድዩ ተሻግረን ከወዲህ ማዶ ቦርሳ አስይዛለሁ። ሎጋው አጎንብሶ የአንዱን ጫማ ያስራል። የጃኬቴ ጫፍ ተሳበ። ዞርኩ። ጭምቷ። ቀና ብላ አየችኝና ተናገረች። አራት ወይ አምስት ቃል። ከንፈሯን አየሁ፣ ድምፅ ግን የለም።

ድገሚ እንዳትያት ተብያለሁ። ቢሆንም... ለዚህ ብቻ ነው? አልሰማሁም ማለት አፍሬም ነው።

"እሺ የኔ ቆንጆ" አልኳት። ፊቷ በራ። ሄደች። እኔ የሚቀጥለውን ልጅ ዚፕ ዘጋሁ። ለኔ አወራች ብዬ ልቤ ልትፈነዳ ነበር።

ቆጠርኩ፣ አሥራ ሦስት። ደግሜ ቆጠርኩ። ፊሽካ ስነፋ ሎጋው ቀድሞኝ ወደ ወንዙ እየሮጠ ነው። ለፍላፊው እጄን ያዘ። "ቲቸር፣ እያለቀሰች እኮ ነው። አይሰማሽም?"

ዛፏ ሥር ማጉያዋን ረስታ ኖሯል። ልታመጣ ሄዳ፣ ስትመለስ ድልድዩን ትታ በድንጋዮቹ መጣች፤ አንሸራተታት። ግራ ክንዷ ከክርኗ በታች ተሰብሯል። ማጉያውን በቀኝ እጇ ጨብጣዋለች፤ ሐኪም ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችም።

"ላምጣ?" ነው ያለችኝ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጥቅምት 20

ኃላፊያችን ቢሮ። የአደጋውን ሪፖርት ከፊቷ ዘርግታ ጠበቀችኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ፈቅደሽላታል?"

"አልፈቀድኩም።"

እንዲህ ነው ያልኩት። አምልጦኝ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር... አላመለጠኝም። እሷ ጻፈች፤ "ሕፃኗ ያለ ፈቃድ ከቡድኑ ተለይታ።" ሎጋው "ጫማ እያሰርኩ ነበር፣ አላየሁም" አለ። እሱ እውነቱን ነው። ፈረምን።

ያልሰማሁትን እንዴት ፈቀድኩ ይባላል? ይህን ቀኑን ሙሉ እያላመጥኩ ዋልኩ። አይዋጥም።

ጥቅምት 22

መምህርቷ ደወለች። ስልኩን እስከ መጨረሻ ከፍቼ አነሳሁ።

"ልጅቷ ለእናቷ ምን አለች መሰለሽ? ቲቸር እሺ ብላኛለች ብላ ድርቅ። እናትየዋ ተናዳለች። ዋሽታ አታውቅም ነበር እኮ።"

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማሻለሁ።"

ጥቅምት 26

ማክሰኞ። ልጆቹ አልመጡም። ትምህርት ቤቱ ለጊዜው አቁሟል። መጋዘን ገብቼ ማጉያዎቹን ስወለውል ዋልኩ። ቆሻሻ አልነበሩም።

ጥቅምት 28

ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። "ድምፅ ሲሰሙ ቁልፉን ይጫኑ።" ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። አልጀመረም ብዬ ነው። በመስታወቱ ወዲያ ቀና ብሎ ሲያየኝ ገባኝ፤ ከጀመረ ቆይቷል።

ወረቀቱ ላይ መስመሩ እንደ ቁልቁለት ይወርዳል። "ቀጫጭን ድምፆች ናቸው ቀድመው የሚሄዱት። ወፍ፣ ሹክሹክታ፣ የሕፃን ድምፅ።"

"ይመለሳል?"

"የሄደው አይመለስም። የቀረውን በመስሚያ መሣሪያ እናግዛለን። ቤተሰብ ውስጥ ነበረ?"

እናቴ አልኩት።

"ሥራዎ ምንድን ነው?" ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ኅዳር 2

ለባሌ ነገርኩት፣ ሁሉንም። "ንገሪያቸው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ብትነግሪያቸውስ ምን ይለወጣል?" ተናደድኩበት። ምን አናደደኝ... እኔም እኮ ሁለቱንም ነው የማስበው፣ እየተፈራረቁ።

ኅዳር 4

ለኃላፊያችን ነገርኳት። የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አደረግኩ፣ እሺ ማለቴንም ተናገርኩ። ተነስታ በሩን ዘጋች። ወዲያው ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ለአሮጊት እንደሚናገሩት።

"አሁን ነው የምትነግሪኝ? ሪፖርቱ ሄዷል እኮ።"

"ይስተካከል።"

"አስተካክለን ምን እንበል? የማይሰማ ሰው ነው ልጆቻችሁን ወንዝ ዳር የሚወስደው እንበል? አንድ ትምህርት ቤት አይቀርልንም። የቀሩት ልጆች የት ይሂዱ? ከአጥር ውጭ ዛፍ ነክተው የማያውቁ አሉ።" እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። "ላስብበት። እስከዚያ ለማንም እንዳትተነፍሺ።"

ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን ሥራ ከባዶ ያነሳችው እሷ ናት። ደግሞ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ልክ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ግን አሁንም ውሸታም ናት።

ኅዳር 6

አላስቻለኝም። ወደ እናትየዋ ሄድኩ። የምትሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ ባንኮኒ፣ ሁለት ማሽን፣ ግድግዳው ሙሉ የመታወቂያ ፎቶ ናሙና። የአንድ ተማሪ ደብተር እያባዛች ነበር። አወቀችኝ። ማሽኑን ሳታቆም የሆነ ነገር ተናገረች።

"ይቅርታ፣ ማሽኑን ያቁሙልኝ። ጆሮዬ አይሰማም።"

ለውጭ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ያወጣሁት ለሷ ነው። አቆመችው።

ነገርኳት። ልጅዎ አልዋሸችም። ጠይቃኛለች፣ እኔም ሳልሰማ እሺ ብያታለሁ። ለቢሮው አልፈቀድኩም ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። የወረቀቶቹን ጠርዝ ባንኮኒው ላይ እየመታች ታስተካክል ጀመር። ደጋግማ፣ ከተስተካከሉ በኋላም።

"እኔኮ..." አለች። "በጂፕሰሟ ቁጭ ብላ ስታስረዳኝ... ከእንግዲህ ዝም በይ ነው ያልኳት። አንድ ቃል እንዳልሰማ አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ዝም አለች። ቤትም። ለኔ በጣቷ ነው የምታሳየኝ።"

ተማሪው ደብተሩን እየጠበቀ ሁለታችንን ያየናል።

"ልምጣና እኔ ልንገራት?" አልኩ።

"አይ። እኔ እነግራታለሁ።" ማሽኑን መልሳ ከፈተችው። ሌላም ነገር ጨመረች፣ ፊቷን አዙራ ስለነበር አልሰማሁም። ምን አሉ ልል ነበር... ደንበኛ ገባ።

ኅዳር 10

ኃላፊያችን ፎቶ ኮፒ ቤት መሄዴን ሰምታለች። አልተቆጣችም። ውሳኔውን በወረቀት ሰጠችኝ፤ ፊት ለፊት ለመናገር ከብዷት ይሆናል፣ ወይም እሰማ አልሰማ እንደሆነ ተጠራጥራ። ከልጆች ጋር አልወጣም። ሥራዬ መጋዘን፣ የዛፍ ስም ሰሌዳ መጻፍ፣ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ መሰብሰብ። ሪፖርቱ ይስተካከላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። "ተጨማሪ ማብራሪያ ተልኳል" አለች። አሳይኝ አልኩ። ማህደር ውስጥ ነው አለች።

ሎጋው ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ መጋዘኑ ሸኘኝ። "ታዲያ መጋዘን ዝናብ የለበትም" አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። ሳቅኩለት፣ ትንሽ ዘግይቼ።

ኅዳር 17

ሌላ ትምህርት ቤት መጣ። በመስኮት አየኋቸው። ልጆቹ ሁሉ አንድ ረጅም ገመድ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ አዲስ መመሪያ ነው። ዛፍ መርጦ ዝም ብሎ መቀመጥም ቀርቷል። ሎጋው ከፊት። ከኋላ የማላውቃት ወጣት።

በኔ ምክንያት ነው። ማንም አላለኝም። መባል አለበት?

ኅዳር 23

መሣሪያውን አደረጉልኝ፣ በሁለቱም ጆሮ። ቤት ውስጥ ጉድ ነው። የውሃው ጠብታ፣ የባሌ ነጠላ ጫማ፣ ማንኪያ ሁሉ ይጮሃል። ባሌ "ስታኝኪ ይሰማሻል?" አለኝ። ያንተም አልኩት።

ወደ ጫካው ጠርዝ ወጣሁ። ንፋስ ነካውና መሣሪያው ውስጥ ሸራ እንደሚቀደድ ሆነ። ወፍ የለ፣ ቅጠል የለ፣ ንፋስ ብቻ። ሐኪሙ "ውጭ ሲሆኑ ያስቸግርዎታል" ብሎኝ ነበር። ውጭ እኮ ነው የምፈልገው። አወለቅኩት። ያኔ ደግሞ ምንም የለም።

ታኅሣሥ 1

መምህርቷ ደወለች። ትምህርት ቤታቸው ወደኛ አይመለስም። ጭምቷ ክፍል ትገባለች፣ ትጽፋለች፣ ጎበዝ ናት። አታወራም። ቤትም ገና ነው አለች።

"እናትየዋ አልነገረቻትም?"

"ነግራታለች። ስትነግራት ዝም ብላ ሰማቻት አለች።"

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

እናትየዋ የልጅቷን የሐኪም ወረቀት ማህተም ልታስመታ መጣች። ከቢሮው ገባች። እኔ ግቢው ውስጥ ቀለም የቀባኋቸውን ሰሌዳዎች ለፀሐይ እያሰጣሁ ነበር። ንፋስ ነበር፤ አንዱን ሳነሳ አንዱ ይወድቃል።

የሚወድቀውን የያዘች ትንሽ እጅ አየሁ። ጭምቷ ናት። ጂፕሰሙ ወልቋል፣ ክንዷ ከሌላኛው ቀጥኗል። ሰሌዳውን አስደግፋ አስተካከለችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ተናገረች።

ተንበረከክኩ፣ ፊቴ ፊቷ ድረስ። "አልሰማሁሽም የኔ ልጅ። ያን ቀንም አልሰማሁሽም ነበር። ጆሮዬ ታሟል። ድገሚልኝ።"

ጥርቅም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። ደገመችልኝ። መሣሪያው ውስጥ ንፋሱ ይቀደዳል። "ቲቸር" የሚለውን ከከንፈሯ አነበብኩ፣ የቀረው የለም። ጆሮዬን በእጄ ከለልኩት። "አንዴ ብቻ።" ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች፣ ቀስ ብላ፣ አንገቷን ወደ ጆሮዬ አስግጋ። ትንፋሿ ጉንጬን ነካኝ።

እሺ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ፊቷን እያየሁ ብለውስ ማን ያውቅብኛል?

"አልሰማሁም" አልኳት። "አልቻልኩም።"

እናትየዋ ወጣች። "ምን እያለች ነው?" አለች፣ ዓይኗ ተከፍቶ። አላውቅም አልኩ። እሷም እንደኔ ተንበረከከች፣ እዚያው ቀለሙ ላይ። "ምን አልሻት የኔ እናት? ለኔ ንገሪኝ። እኔ እነግራታለሁ።"

ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች። ከንፈሯን ገጠመች። የእናቷን እጅ ይዛ ወደ በሩ መጎተት ጀመረች።