አንተ የጎደልክበት ዘፈን

አባዬ፣ ያቺ ረባሽ ልጅህ ነኝ። ከተለየኸን ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ወሬ አጥቼ እንዳይመስልህ፤ እያለቀስኩ ልጽፍልህ ስላልፈለግሁ ነው። ዛሬ ግን ደስታው አላስችል አለኝ። አባዬ፣ ዘፈናችን አገር ምድሩን አዳረሰው! እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ግን ከአሶሳ ወጥቶ አዲስ አበባ መድረሱ ሐቅ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ጓሮ ያለችውን፣ አታፈራም ቁረጧት ስትላት የኖርካትን ማንጎ ታስታውሳለህ? ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራችልን፤ አንተን ለማናደድ ይመስለኛል። ጊታሬን የጅን ሽቦ እያለች ስትራገም የነበረችው እማዬም አሁን ገበያ ወጥታ የባንዱ እናት እኔ ነኝ እያለች ትንጎራደዳለች። ብታያት በሳቅ ትሞት ነበር፤ አፌ አያርፍም መቼም፣ ይቅር በለኝ።

እኔና የባንዴ ልጆች የምንወደውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ዘፈን ከአሶሳ ሆሞሻ፣ ቤታችን ድረስ ይዤልህ የመጣሁበትን ቀን አልረሳውም። በአንዲት ነጠላ ዜማ እንዴት ዓለምን እንዳዳረሱ እየተረክሁ በስልኬ አሰማሁህ። ዓይንህን ጨፍነህ እስከ መጨረሻው ሰማህና፣ ጎበዞች ናቸው፣ ግን ያ ጊታር የያዘው ሰውዬ ሌላውን አያስበላም አልክ። በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ ከቡድንህ ጋር የምትነፉትን የቅል መለከት፣ የራሳችሁን ዙምባራ አነሳህብኝ። ለአንድ ሰው አንድ ቅል፣ ለአንድ ቅል አንድ ድምፅ፤ የራስህን ነፍተህ ዝም ትላለህ፣ ተራህን ትጠብቃለህ፤ ዜማው የማንም ሳይሆን የሁላችሁም ነው። ዙምባራችሁን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

በሳምንቱ ባንዱን ጠቅልዬ አመጣሁልህ። ሊድ ጊታር የሚጫወተውን ጋሻውን፣ የወሎ ሰፋሪዎቹን ልጅ፣ መቼም አትረሳውም። አንዲት ድምፅ ብቻ ተጫወት ሲሉት እሺ ይልና ሦስት ይጨምራል፤ ጣቱ አያርፍም። አንተ ታመህ ፍራሽ ላይ እንደተደገፍክ ከሽርጥህ ጫፍ ቀደድክና ሦስት ጣቱን ጥፍር አድርገህ አሰርክለት! በቀረችህ ተጫወት አልከው። ከዚያ ወዲያ እኔ በቤዝ ጊታር አንድ፣ ጋሻው በሊድ አንድ፣ ከበሮ መቺያችን አንድ፣ እየተጠባበቅን ስንጫወት ቤቱ በሌላ ዜማ ሞላ። «ተራህን ጠብቅ» የምትለዋ ዘፈናችን እንዲህ ተወለደች። ዙምባራ ከመኸር በፊት አይነፋምና፣ መኸር ሲደርስ ከእናንተ ቡድን ጋር አብረን ልንቀዳት ቃል ተገባባን። አንተ ግን ሰኔ ላይ ሄድክ።

መኸሩ ደርሶ ዙምባራዎቹ ከተሰቀሉበት ሲወርዱ የአንተዋን ቅል ማንም አላነሳትም። የቡድናችሁን መሪ ሼህ ሃሩንን ሌላ ሰው ይተካልን ብዬ ለመንኳቸው። ዘፈኑ እንዳይበላሽ ፈርቼ ነው አባዬ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸው አልተቆጡኝም። ቦታው ይሄን መኸር ባዶ ይቆያል፣ ለሚመጣው እናያለን አሉኝ። ከዛፉ ስር ማይክ ዘርግተን ቀዳን። ዜማው ዞሮ ዞሮ አንተ ጋ ሲደርስ ሁሉም ዝም አለ። ያቺ «ሆ» የምትለዋ የአንተ ድምፅ የለችም። ከዚያ ቀጣዩ ሰውዬ የራሱን ነፋና ዜማው ቀጠለ። ሰዎቹ ሁሉ ሲነፉ እንባቸው ይወርድ ነበር።

አዲስ አበባ ወስደን ለስቱዲዮ ባለሙያው ሰጠነው። በማግስቱ ስንመለስ ጨርሶ ጠበቀን፤ ክፍቱን ቦታ በኪቦርድ ሞልቶታል! ሳይጠይቀን! ደግሞ ያምራል፤ የሚያናድደው እሱ ነው። ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፉ፤ ወደውታል። የስቱዲዮው ልጅ ጨዋ ነው፣ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ዘፈን መሀሉ ላይ ዝም ካለ ሬዲዮ አያጫውተውም፣ ሰውም ተበላሸ ብሎ ያልፈዋል አለ። እኔ እንደ እብድ ሆንኩ። ያ ቦታ የአባቴ ነው፣ አውጣው ብዬ ጮህኩ። ያን ሁሉ የደከምንበትን ነገር በእኔ ግትርነት ላጠፋው እንደምችል አውቃለሁ፣ ግን አልቻልኩም። ማንም አልደገፈኝም። በመጨረሻ ጋሻው ከጊታሩ አንገት ላይ ያሰራትን የሽርጥህን ቁራጭ ሲነካካ ቆየና፣ በዚያ ወሎዬ አነጋገሩ፣ ያውጣው፣ ሽማግሌው እኮ መጠበቅን ነው ያስተማሩን አለ። ኪቦርዱ ወጣ።

መጋቢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ ተላለፈ። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቧል፣ እማዬ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታዋለች። አንተ ጋ ደርሶ ዝም ሲል ጋዜጠኛው ዘሎ ገባና ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር አድማጮችን ይቅርታ ጠየቀ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አለቀልን ብዬ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን ከአሶሳ የመጣ አንድ ባጃጅ ዘፈናችንን ከፍቶ በበራችን ሲያልፍ፣ ልክ አንተ ጋ ሲደርስ ሹፌሩ ጡሩምባውን ጵጵ አደረገው። አባዬ፣ በቦታህ! ሲውል ሲያድር የአሶሳ ባጃጅ በሙሉ ያንን ያዘ። ከዚያ ሠርግ ቤት ገባ፣ ከዚያ ባምባሲ፣ ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ የማናውቀው አገር ደረሰ። ያ የስቱዲዮ ልጅ ሳይቀር ደውሎ ተሸንፌያለሁ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ደግሞ አሶሳ ስታዲየም ተጫወትን። ሜዳው ጢም ብሏል። ሼህ ሃሩንና ቡድኑ ከኋላችን፣ እማዬ ከፊት ወንበር ላይ። ዜማው አንተ ጋ ሲደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ያ ሁሉ ሰው፣ በርታው፣ ኦሮሞው፣ ጉሙዙ፣ ሰፋሪው፣ ስንት መከራ አብሮ ያየ ሕዝብ፣ ባንድ አፍ «ሆ!» አለልህ። ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። እማዬ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ አጠገቧ ያለውን ሰው ሁሉ የእኔ ባል እኮ ነው፣ የእኔ ባል ነው ትላለች። ኮራሁብህ አባዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ትናንት ሼህ ሃሩን እኛ ቤት የቆየችውን ቅልህን ሊወስዱ መጡ። መኸሩ ደርሷል፤ ለአዲስ ነፊ ሊሰጧት ነው። ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽህም፤ ግን ቡድኑ ጎዶሎ ሆኖ ሁለተኛ መኸር እንዲውል አንተም እንደማትወድ አውቃለሁ። አቧራዋን ጠርጌ በእጄ ሰጠኋቸው። በዘፈናችን ግን ማንም አይተካህም። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ በተጫወትነው መድረክ ሁሉ፣ እዚያች ቦታ ላይ ስንደርስ ጣቶቼን ከክሩ አነሳለሁ። ተራው ያንተ ነው።

ረባሿ ልጅህ