አይነካ ያልከው ካምቢዮ

ታምሬ፣ የልጄ አባት፣

አንተ ከሄድክ ሁለተኛው የቡና ለቀማ እያለቀ ነው። መንገዱ እሸት ቡና በጫኑ መኪኖች ተጨናንቋል። ሾፌር ሳለህ ይሄኔ ቡና ልትጭን ወርቃ ወይ ኮንጋ ነህ፣ ቤት አትገኝም። ለዚህ ነው መሰለኝ በለቀማ ወቅት መሞትህን የምረሳው። ሥራ ላይ ያለህ ይመስለኛል። ባለፈው ምሳህን ከድኜ አስቀምጬ፣ ማታ ሳየው ነው የደነገጥኩት።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ይወድቃል ያልከው የጓሮ አጥር በክረምቱ ወደቀ፤ በብሎኬት አሠራሁት። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር ያዘ። ትልቁ ወሬ ግን ልጃችን ሳሮን ተዳረች። ልጁ ይርጋጨፌ የሚያስተምር ነው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዓይን አፋር። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ወንድምህ ኤልያስ በአንተ ቦታ ተቀመጠ። እንዳንተ ቀልድ አያውቅበትም፣ ግን አላሳፈረንም።

ሳሮን ለሠርጓ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። “እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በአባዬ ላንድሮቨር ነው” አለችኝ።

መኪናዋን እንዴት አድርገህ ትተሃት እንደሄድክ ታውቃለህ። ሾፌርነቱን ካቆምክ በኋላ ቀንህን ሁሉ እሷ ላይ ነበር የምታሳልፈው። ሞተሩን ከመካኒኩ ከጋሽ ደጉ ጋር አወረዳችሁት፣ ሠራችሁት፣ መለሳችሁት። ቀለሙን ፍቀህ ድሮ በነበረው አረንጓዴ አስቀባህ። ወንበሮቿን አዲስ ቆዳ አለበስክ። ከዚያ ደም ግፊትህ ተነሥቶ ወደቅህ፣ እሷም ቆርቆሮው ሥር እንደቆመች ቀረች። ካምቢዮው ብቻ አልተነካም።

የዚያን ካምቢዮ አመል እኔም አውቃለሁ። ሁለተኛ ማርሽ ይተፋል። ከይርጋጨፌ ወደ ወናጎ ስንወርድ ቁልቁለቱን ሙሉ ቀኝ እጅህ ማርሹ ላይ ነው፤ ከለቀቅከው ዘሎ ይወጣል። ለምን አታሠራውም ስልህ “ለምጄዋለሁ” ትለኝ ነበር። ሳሮንን አርግዤ ከኮንጋ ስንመለስ የያዘን ዝናብ ትዝ ይልሃል? መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናዋ ትንሸራተታለች፣ እኔ ያስመልሰኛል፣ ፈርቻለሁ። እጄን ያዘኝ አልኩህ። “ከለቀቅኩት ይተፋል አስቴርዬ” አልክና በሌላው እጅህ ጃኬትህን አቀበልከኝ። ጃኬቱን አቅፌ ዲላ ገባሁ። ያኔ ምንም ክፉ አላሰብኩም። ሰው “ጣውንትሽ” እያለ በመኪናዋ ሲቀልድብኝ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። በብረት የሚቀና ምን ዓይነት ሞኝ ነው እል ነበር።

ጋሽ ደጉ መኪናዋን ወደ ጋራዡ አስጎትቶ ካምቢዮውን አወረደና አስጠራኝ። ከፍቶት ሥራ ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል። ጥርሱ የተበላውን ማርሽ አንሥቶ አሳየኝ።

“አስቴርዬ፣ ወይ ዕቃ ከአዲስ አበባ አስመጥተን ይሄንኑ እንደገና እንሠራዋለን፤ ይቆያል፣ ያደክማልም። ወይ የሌላ መኪና ካምቢዮ አስተካክዬ አገባልሻለሁ። እሱ ቶሎ ይደርሳል። ለሠርጉ አያሳፍርሽም፣ ግን የእሷ አይደለም።”

“አንተስ ብትሆን የትኛውን ትመርጥ ነበር?” አልኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

“እሱማ አይነካ ብሎኝ ነበር” አለ። “ሞተሩን ስንሠራ ካምቢዮውን አብረን እንክፈተው ብዬ ለምኜዋለሁ። እንዳለ ይሁን አለኝ።”

“ለምን?”

“የድሮ ነገር ነው፣ ተይው።”

“ጋሽ ደጉ፣ ባሌ እኮ ነው።”

መሬት መሬቱን እያየ ነገረኝ። ሳታውቀኝ በፊት፣ ወርቃ ጤና ጣቢያ ብርሃኔ የምትባል ነርስ ነበረች። መኪና መንዳት ስታስተምራት ፍሪሲዮን በደንብ ሳትረግጥ ማርሹን አስገድዳ አስገባችው። የዚያን ቀን ነው ጥርሱ የተሰበረው። “ልጅቷን ይወዳት ነበር” አለኝ ጋሽ ደጉ። “ከዚያ ወዲህ ያንን ማርሽ ማንም እንዲነካው አልፈለገም።”

ከጋራዡ ስወጣ ባጃጅ ሁሉ ይጣራል፣ እኔ አልሰማም። በእግሬ ቤት ደረስኩ። ደረቴ ውስጥ በርበሬ የተደፋብኝ ያህል ይለበልበኝ ነበር። በሞተ ባል ይቀናል ወይ? ይቀናል ታምሬ። በቁም ካለው ባልም ይብሳል፤ የቆመውን ትጠይቂዋለሽ፣ ይክዳል፣ ይምላል፣ ትጣያለሽ፣ ትታረቂያለሽ። አንተን የት አግኝቼ ልጣላህ?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ። መንዳት አስተምረኝ ብዬህ አልነበረም? እንደተጋባን ሰሞን፣ ደግሞ ሳሮን ትምህርት ቤት ስትገባ? “ላንድሮቨር ለሴት ከባድ ነው” አልከኝ። አምኜህ ዝም አልኩ። ለካ ለሴት አልከበደችም። ለእኔ ነው የከበደችው።

ደግሞ ብርሃኔን አወቅኳት፤ ስሟንና ወርቃ ነርስ እንደነበረች ለቅሶው ላይ ነግራኛለች። ከወናጎ መጥታ ለቅሶህ ላይ ድንኳኑ ጥግ የተቀመጠችው፣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ የነበረችው ናት። ደከማት ብዬ በገዛ እጄ ውኃ ሰጥቻታለሁ።

በማግስቱ ለጋሽ ደጉ ቁርጡን ነገርኩት። “የሌላ መኪና ካምቢዮ አግባልኝ። ያንን ለቁራሌው ሽጠው።” ሽማግሌው ዓይኔን አየና “ሌላ ሥራ ይዣለሁ፣ ቅዳሜ እንነጋገር” አለኝ። ሥራ እንዳልያዘ አውቃለሁ። እስከ ቅዳሜ እንድቀዘቅዝ ነው። እኔ ግን አልቀዘቀዝኩም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ወናጎ ሄድኩ።

ብርሃኔ አስፋልቱ ዳር መድኃኒት ቤት አላት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ለአንዲት እናት የሽሮፕ አወሳሰድ ታስረዳለች። ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ። ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችኝ፣ ወንበር ሰጠችኝ። መንገዱን ሁሉ ስደረድረው የመጣሁት ቃል ጠፋብኝ።

“የታምራትን መኪና እያሠራሁ ነው” አልኳት። “ካምቢዮውን ምን ላድርገው ብዬ ልጠይቅሽ መጣሁ።”

“እኔን?” አለች ግራ ገብቷት።

“አንቺ ነሽ አሉ የሰበርሽው። መንዳት ሲያስተምርሽ።”

መነጽሯን አውርዳ አሰበች። ከልቧ ነበር የምታስበው፣ አየኋት። ከዚያ ሳቀች። “ሰበርኩ እንዴ? እውነቴን ነው አላስታውስም። መንዳት አንድ ጊዜ ሞክሬ ፈርቼ ተውኩት። ሰበርሽ ብሎኝም አያውቅም።” እንዳልሳቅኩ ስታይ ሳቋን ተወች። የመጣሁበት የገባት መሰለኝ። “እህቴ፣ ታምራት ደግ ሰው ነበር። ከገጠር ስንት በሽተኛ አምጥቶልኛል። እኔ ግን ያኔ የልጆቼን አባት ነበር የምወደው። እሱም ያውቅ ነበር። ለቅሶው ላይ ያለቀስኩት ለዚያ ደግነቱ ነው።”

ልጣላት ሄጄ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ መጀመሪያ ደስ አለኝ። አልዋሽህም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አልወደደችህም! ልስቅ ምንም አልቀረኝ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ጭጩ ስንደርስ ግን ደስታው ከዳኝ። ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእጅህ ይዘህ የወረድከውን ነገር፣ ሴትየዋ መኖሩን እንኳ አታውቅም። አዘንኩልህ ታምሬ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩባት፤ እንዴት አታስታውስም? እኔ ብሆን ኖሮ የመንገዱን ድንጋይ፣ የለበስከውን ሸሚዝ ሳይቀር አስታውስ ነበር። እኔ ያላገኘሁትን አግኝታ፣ ማግኘቷንም አታውቅ! በዚህም ቀናሁባት። ቅናት መልኩን ይለውጣል እንጂ አይሄድም።

ከሚኒባስ ወርጄ ቀጥታ ጋራዥ ገባሁ። ካምቢዮው እንደተበተነ ነው፣ ቁራሌውም አልመጣም። ጋሽ ደጉ “ዛሬ ቅዳሜ አይደለም” ሊለኝ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

“ይሄንኑ እንሥራው። የሌላ መኪና አታግባ። ሁለተኛውን ማርሽ ግን አውጥተህ በአዲስ ቀይርልኝ።”

“አይነካ ብሎ ነበር እኮ” አለኝ፣ ሊፈትነኝ።

“እሱ ብሎ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ያለሁት።”

ለምን እንደዚያ እንደወሰንኩ ላንተ ልንገርህ፣ ለሱ አልነገርኩትም። ካምቢዮውን እንዳለ ብጥለው ከመኪናዋ የምትወጣው ብርሃኔ አይደለችም፣ አንተ ነህ። የቀረውን ጥርስ ሁሉ፣ የመሪውን ብረት፣ የበሩን እጀታ ያለሰለስከው አንተ ነህ። ያንን ለቁራሌ አልሰጥም። የተሰበረውን ማርሽ ግን እንዳለ ትቼ፣ ያንተን ሚስጥር በልጄ ሠርግ ቀን ማንም ሾፌር በእጁ ደግፎ እንዲሄድ አልፈለግኩም። ይበቃል አልኩ። ጋሽ ደጉ አሮጌውን ማርሽ ምን ላድርገው ሲለኝ “እንደፈለግህ” አልኩት፤ ምን እንዳደረገው እስከዛሬ አልጠየቅኩም።

ልወጣ ስል ተመለስኩና “ሲያልቅ ደግሞ ታስተምረኛለህ” አልኩት።

“በዚች?”

“በዚች።”

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ቆየ፣ ከመጣም በኋላ አንዱ የማርሽ ቀለበት አልገጥም ብሎ ተመለሰ። ሳሮን በየሳምንቱ እየደወለች ትጨነቃለች። እኔ እስከዚያ በማሠልጠኛ መኪና መንጃ ፈቃዴን አወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ክፍል ውስጥ ከማስተምራቸው ልጆች እኩዮች ጋር ተሰልፌ። አስበው። በመጨረሻ ካምቢዮው ገባ፣ ጋሽ ደጉ ከከተማ ወጣ ወዳለው ሜዳ ወሰደኝ። ፍሪሲዮኗ እንዴት ጠንካራ ናት! ግራ እግሬ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። መሪውን ስጠመዝዝ ትከሻዬ ይላቀቃል። እውነትም ከባድ ናት ታምሬ፤ ይሄን እሰጥሃለሁ። ግን ትነዳለች።

ወደ ሜዳው የሚያወርደውን ቁልቁለት ስወርድ ሁለተኛ አስገባሁ። እጄ ከማርሹ አልነሣ አለኝ፤ አንተን ሳይ ስለኖርኩ መያዝ ያለበት ነው የሚመስለኝ። “ልቀቂው” አለኝ ጋሽ ደጉ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አነሣሁ። ቆመ። ማርሹ አልተፋም። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስናቆም መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሽማግሌው በመስኮት እንሰቱን ሲያይ ቆየ።

በሠርጉ ቀን ወንድምህ “የሙሽራ እናት ሾፌር ስትሆን የት ታይቶ ያውቃል?” ብሎ ተቆጣ። ሳሮን “ዛሬ ይታያል” አለችው። ነጭ ልብሷን ሰብስባ ከኋላ ገባች፣ እኔም በሐበሻ ቀሚሴ መሪውን ያዝኩ። ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ሴቶቹ እልል ይላሉ። ታዲያ አስፋልቱን ስንይዝ የድሮ ጓደኞችህ፣ እነዚያ የቡና ሰዎች፣ ከየሱቁ ብቅ ብቅ እያሉ ምን ብለው ቢጣሩ ጥሩ ነው? “ታምራት! የታምራት መኪና!” መሪውን የያዝኩት እኔ፣ ሙሽራዋ ከኋላዬ፣ የሚጠሩት ግን አንተን። በዚያም ቀናሁ፤ ስምህን እንደልባቸው፣ ሳይሰቀጥጣቸው፣ እየሳቁ መጥራት ስለሚችሉ። እኔ ገና አልቻልኩም።

ብዙ ሰው ሟቹን ሲያስታውስ መልካም መልካሙን ይመርጣል። እኔ አልመርጥም። የእኔ የነበርከውንም፣ የእኔ ያልነበርከውንም ይዤሃለሁ። ከእኔ በፊት የነበረህን ልብ፣ ያልነገርከኝን፣ የከለከልከኝን ጭምር። ከእንግዲህ ማንም ከእኔ በላይ አያውቅህም፣ ማንም ከእኔ በላይ አይናፍቅህም፤ በዚህ ብቻ ማንም እንዲበልጠኝ አልፈቅድም። እስክመጣ ድረስ፣ እየቀናሁ አስታውስሃለሁ።

ሚስትህ
አስቴር፣ ከዲላ