ያላሳየሽኝ እጅ

ለምወድሽ ልጄ፣ ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፣ የሚያፈሰውም ጣሪያ ተጠገነ።

ታናሽ እህትሽ ለእንግሊዝኛ ፈተናዋ «ሾው» የሚለውን ቃል ስታጠና ነበር። ዕቃ ማሳየትም፣ መንገድ መምራትም፣ ትርኢትም፣ ፊት ላይ የሚነበብ ሐዘንም «ሾው» ነው አለችኝ። ያን ጊዜ እሑድ በስልክ ያሳየሽን ሁሉ ትዝ አለኝና ልቤ ፈራ። አልጋሽን፣ መስኮቱን፣ ምድጃውን አንድ በአንድ አሳየሽን። አባትሽማ «ቤቱን ልታከራየን ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ቀኝ እጅሽን ፈልጌ አጣሁት። ፀጉርሽን እንኳ በግራሽ ነው የሰበሰብሽው። አንቺ ደግሞ ስታወሪ ሁለቱም እጆችሽ አያርፉም።

የምትሠሪበት የልብስ መተኮሻ ማሽን እንፋሎቱ ኃይለኛ ነው ብለሽኝ ነበር። ከእሑድ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ተቃጥለሽም ከሆነ አልቆጣሽም፣ ለአባትሽም አልነግረውም። ሳላይ የማስበው ከማየው ይብስብኛል።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥሽ፣ የሚያዝንልሽ ሰው አያሳጣሽ። ስትደውዪ እባክሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሚውና ሁለቱንም እጆችሽን አሳዪኝ።

እናትሽ