እኔ ስማር ትሉም ሲማር

ሐምሌ 4
ዛሬ መቶ በግ የትል መድኃኒት አጠጣሁ። ብቻዬን፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ... እሺ፣ ሃያ ሦስት ናቸው። ዘጠኙ የእኔ፣ አሥራ አራቱ የእህቴ። ቁርስም በልቻለሁ። ግን ብቻዬን ነው! የማታ ትምህርት ጨርሼ የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለሆነ ትንሽ ባጋንን ምናለበት? እያንዳንዷን መዝኜ፣ በኪሎዋ ልክ በስሪንጅ አፏ ውስጥ። "ዶክተር፣ እጅህ ይባረክ" አለችኝ እህቴ። ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለኝ። ስሙን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ እሱን ማን ያስታውሳል...

ሐምሌ 17
ያረገዘችው የእህቴ በግ መንጋጋዋ ሥር አብጧል። "ጢም ልታወጣ ነው" አልኩ። እህቴ አልሳቀችም። "አንተ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን ያቆሙት እነዚህ በጎች ናቸው" አለች።
እብጠቱ የትል ነው ብዬ ሌላ መድኃኒት ገዛሁ። ያኛው ጠርሙስ አረንጓዴ፣ ይሄ ቀይ። ሁሉንም ደግሜ አጠጣኋቸው። መቼም ቀይ ይበረታል።

ሐምሌ 24
በጓ ሞተች። ሆዷ ውስጥ ሁለት ግልገሎች ነበሩ።
እህቴ ራሷ ልትቀብራት አካፋ አነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 25
ጠርሙሶቹን ጎን ለጎን አቁሜ ደቃቁን ጽሑፍ ማንበብ ያዝኩ። አ...ል...ቤ...ን...ዳ...ዞል። ቀዩም አልቤንዳዞል። ከአልጋ ሥር ያለው የአምናው ሰማያዊም! ሦስት ዓመት ሙሉ ስቀያይር የነበረው ቀለም ነው?

ሐምሌ 28
የእንስሳት ሐኪሟ የበጎቹን በጠጥ በማይክሮስኮፕ አየችው። "መድኃኒት ከጠጡም በኋላ የትል እንቁላል ሞልቷል። ትሉ መድኃኒቱን ተላምዶታል፤ ከእንግዲህ በዚህ አይሞትም።" እኔ ፊደል ስቆጥር ትሉም የራሱን የማታ ትምህርት ሲከታተል ነበር ለካ!
"ሲያጠጧቸው ይመዝኗቸዋል?"
"እንዴታ!"
"ይገርማል። ብዙ ጊዜ የሚለምደው መጠኑ ሲያንስ ነበር..."
ቶሎ ብዬ ሌላ መድኃኒት እንዳላት ጠየቅኳት።
ሌላ ዓይነት ሰጠችኝ። "ይሄንንም እንዳያስለምዱት። የዓይናቸውን ቆብ ገልጠው ይዩ፤ ውስጡ የነጣባትን፣ ትሉ ደሟን የጨረሰባትን ብቻ ያጠጡ" አለች።

ነሐሴ 2
የወፍጮ ቤቱን ሚዛን ለምኜ እህቴ ግቢ ገባሁ።
"ምን ልታደርግበት ነው?"
"በጎቹን ልመዝን።"
"መዝነህ አልነበር እንዴ?"
"በዓይኔ ነበር እኮ፣ እትዬ..."
ዓይኗ የነጣባትን የመጀመሪያዋን በጆንያ ሰቀልናት። በዓይኔ ሃያ የምላት ሠላሳ አራት ሆነች። እህቴ ቁጥሩን አየች፤ ከዚያ እኔን።
"ከዛሬ ጀምሮ ዶክተር እንዳትይኝ" አልኳት።
"ማን ሊልህ!" ግን ሁለተኛዋን ስናነሳ ጆንያውን በአንድ በኩል ያዘችልኝ።

ከላይ የጻፍኩት እውነት ነው። አንድ ቃል ብቻ... ሐምሌ 4 ላይ "መዝኜ" ያልኩት። እስከ ዛሬ ጠዋት በግ መዝኜ አላውቅም። ልሰርዘው ላጲስ አንስቼ ነበር። ተውኩት። ማንበብ ተምሬ የለ? ደጋግሜ ላንብበው።