ምንጣፉን ያነሳሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ ለኡኤሌሴ፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? ባለቤትህ ማሊኔስ፣ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የስጋ ፋብሪካው ብርድ አልጎዳህም? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። በሕይወት አለሁ፤ ለእሱ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው ወር ባሌ ፔሳሚኖ ግራ ክንዴን ሰበረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወደቅኩ፣ በር መታኝ እያልኩ ስሸፍንለት ኖሬያለሁ። "ከእኔ ሌላ ማን ዞር ብሎ ያይሻል?" ሲለኝ አምኜው ነበር፣ እኔ ሞኟ! አሁን ግን ወደ አባባ ቤት ሸሸሁ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ዘመዶቹ ይቅርታ ሊለምኑ መጡ። እንደ ደንባችን የክብሩን ምንጣፍ ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው በራችን ላይ ተቀመጡ። ምንጣፉ ካልተነሳላቸው መነሳት እንደሌለ ታውቃለህ። አባባ ዝም አሏቸው፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ፀሐይዋ አናት የምትበሳ ሆነች፣ አባባ ንቅንቅ የለም። ከፊት የተቀመጡት የፔሳሚኖ እናት እትዬ ሉሴ መሆናቸውን ባበጠው እግራቸው አወቅኩ። እሱ ራሱ የለም! እናቱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ እሱ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። አሮጊቷ ሲያቃስቱ ስሰማ አላስቻለኝም፤ ሮጬ በደህናው እጄ ምንጣፉን ገፈፍኩና ውሃ ሰጠኋቸው።

በቃ! አገሩ ሁሉ ተላቀሰ፣ ተቃቀፈ፣ አሳማ ታረደ። እኚያ አሮጊት እንዳይሞቱ ብዬ ያደረግኩት እሺ እንዳልኩ ተቆጠረብኝ። አባባ "ራስሽ አንስተሽ ራስሽ እምቢ? በአገር ፊት ልታዋርጂኝ ነው?" አሉኝ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፔሳሚኖ መጥቶ እንዲወስደኝ ተቆርጧል። አክስታችን እንኳ "ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ይቅር ካልሽ ዕቃሽን ሸክፊ" ይሉኛል።

የሰው ቃል የሰማሁት ከፓስተሩ ሚስት ከሲኔቫ ብቻ ነው። "እግዚአብሔር አንቺን ሲሠራ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ይቅር በይው፤ ክንድሽን ግን መልሰሽ አትስጪው" አለችኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ኡኤሌሴ፣ ከራሴ ጋር ታግዬ፣ ተንበርክኬ ይቅር ብዬዋለሁ። ከተመለስኩ ግን ይገድለኛል፤ ይህንን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ።

አባባ የእኔን አይሰሙም፤ ሲኔቫንም "በሰው ቤት ምን አገባት?" ይላሉ። ያንተን ቃል ግን አይጥሉም። እህት የወንድሟ የዓይን ብሌን ናት ተብለን አይደል ያደግነው? ደውልላቸው። "እህቴ አትመለስም" በላቸው፣ ሌላ አልጠይቅህም። ስልኬን ፔሳሚኖ ስለሰበረው፣ ይህን ነገ ወደ እናንተ ከተማ ወደ ብሪስቤን በምትበረው በሲኔቫ እህት እጅ ልኬልሃለሁ። ጨንቆኛል፣ ወንድሜ!

ማሊኔን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ኢዮአኔ ጎበዝ ተማሪ ሆኗል አሉ፤ አክስትህ ኮርታብሃለች በለው። ትንሿን ሌሌጋን እቀፍልኝና ውብ ነሽ በላት። በየቀኑ በላት፤ ከባዕድ አፍ ስትጠብቅ እንዳትኖር።

ከእሑድ በፊት ደውል። ከእሑድ በኋላ ለማን ብለህ ትደውላለህ?

እህትህ ፉአቲኖ
ሳሞአ፣ ሳቫይ ደሴት
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን