ኩንታል ሳይሞላኝ

ሰኞ

ዘጠና አራት ኪሎ። እህል መጋዘን ውስጥ፣ የጤፍ ጆንያ በሚመዘንበት ባስኩላ ላይ ቆሜ ነው የተመዘንሁት። ጤና ጣቢያው ያለው ሚዛን የሕፃናት ብቻ ስለሆነ ድሬሰሩ ራሱ ነው "መጋዘን ይሂዱ" ያለኝ። የሚመዝኑት አቶ ይርዳው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው፤ ሰውን ሳይነኩ አያልፉም። ብረቱን ወዲህና ወዲያ ገፉና "ኩንታል ሊሞላሽ ትንሽ ነው የቀረሽ፤ ጆንያ ላዘጋጅልሽ?" አሉኝ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ስወርድ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አይክፋሽ፤ ስምሽ ሙሉ ነው፤ ጥቂት ብትጎድይ ስሙን የሚወስድብሽ የለም" አሉ።

ይኼ ሁሉ የመጣው በእትዬ ዘነቡ ነው። ታላቅ እህቴ ናት፤ የምትኖረው ሞጣ ነው። ባለፈው ወር እጇን ታጥባ ስትነሣ ግራ ጎኗ ከዳት። ደም ብዛት ነው አሉ። ገና አርባ አምስት ዓመቷ ነው። አይቻት ወደ ቢቸና እንደተመለስሁ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ድሬሰሩ ክንዴን አስሮ ለካ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። "የእርስዎም ከፍ ብሏል፤ መቀነስ አለብዎት። ጨው፣ ቅቤ፣ ስኳር ይተዉ። አትክልትና ጥራጥሬ ይብሉ" አለኝ።

አትክልትና ጥራጥሬ! ይኼ ልጅ ማንን እንደሚያናግር መች አወቀ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሽሮ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ምስር አልበላም፣ ባቄላ አልበላም፣ ጎመን ሲቀቀል ከሸተተኝ ከቤት እወጣለሁ። ወጥ ላይ ሽንኩርት ተንሳፍፎ ካየሁ በቃኝ። የምበላው ሥጋ፣ ቅቤ የጠገበ ፍርፍር፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ማር። ለባሌ ለታደሰ ሽሮ እሠራለሁ፣ ጨዉን የሚቀምሱልኝ ግን ጎረቤቴ እማማ ጥሩ ናቸው። እትዬም እንደኔው ናት። እናታችን፣ ነፍሷን ይማር፣ "እግዜር የተመረጠ ልጅ ስጠኝ ብለው መራጭ ሰጠኝ" ትል ነበር።

ዛሬ ደግሞ ጾም ገባ። ትናንት ቅበላ ነው ብዬ እንዳልሆን ሆኜ በላሁ። ሰው በሁዳዴ ይከሳል፣ እኔ እወፍራለሁ። ሥጋውና ቅቤው ሲቀር የሚተርፈኝ ዳቦ በሻይ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ብስኩት ነው። ለፋሲካ ቀሚስ የሚጠበኝ በዚህ ነው።

እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና ያየችኝ አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም። እጀምራለሁ። ዛሬውኑ። እራት ዳቦ አልበላሁም። ተርቤአለሁ።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እማማ ጥሩ ዘንድ ሄድሁና "ክክ አልጫ ካለዎት ትንሽ ያቅምሱኝ" አልኋቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ልጄ! አማረሽ እንዴ? አረገዝሽ?"

ነገርኋቸው። ሳቃቸውን ትተው በትንሽ ሳህን አቀረቡልኝ። አንድ ጉርሻ ብቻ። ምላሴ ላይ ሲዘረጋ፣ ያ ልስልሱ፣ ያ እንደ ጭቃ የሚለጠፈው ነገር፣ ጉሮሮዬ ጥርቅም አለ። አጥሩ ሥር ደረስሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ስመለስ ውኃ ሰጡኝና "ክኩስ ምን በደለሽ?" አሉ። አልተቀየሙኝም። አፈርሁ።

በመምህራን ማረፊያ ደግሞ የሒሳብ መምህርቷ፣ ከወሎ የተመደበችው፣ "ወፈር ብለሽ እንዴት አምሮብሻል! ቢቸና ተስማማሽ" አለችኝ። ልቀንስ ነው ብላት ደነገጠች።

"ተይ! ሰው ባልሽን ነው የሚያማው። አያበላትም ይሉታል።"

እውነቷን ነው። በዚህ ዘመን የከሳ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቸግሯል፣ ወይ ታስሮ ወጥቷል። ወድዶ ከሳ የተባለ ሰው እኔም ሰምቼ አላውቅም።

ራሴን አሞኛል። ቆሎ ቆረጠምሁ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ተኛሁ።

ረቡዕ

ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተባለና ተሰለፍን። ተራዬ ደርሶ ስቀበል እጄ ላይ ያለው ክብደት ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቤት ይዤው ከገባሁ እንደማልተርፍ አውቃለሁ። በቀጥታ እማማ ጥሩ በር ሄጄ ሰጠኋቸው። "በዚህ ጊዜ ስኳር የሚሰጥ ሰው? ጤና የለሽም!" አሉ። አፋቸው ይህን ሲል እጃቸው ስኳሩን ጓዳ አስገብቶታል።

ሻይ ያለ ስኳር የታጠበ ቅጠል ነው። ጠጣሁት።

በእግር መሄድም ጀመርሁ። ከገበያው ተነሥቼ ከተማው ዳር ባሕር ዛፉ ድረስ፣ ከዚያ መመለስ፣ እንደገና መሄድ። ጉልበቴ ይጮኻል። ሁለተኛውን ዙር ስጀምር ቀበሌው በር ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመው ጥበቃ አስቆመኝ።

"ጓድ መምህርት፣ ምን ጠፋብዎት?"

"ምንም። እየሄድሁ ነው።"

"ወዴት?"

"የትም።"

"የትም የሚባል ቦታ የለም" አለኝ ኮስተር ብሎ። "ሰው ያለ ጉዳይ አይመላለስም። የሚጠብቁት ሰው አለ?"

ከዚህ ባነሰ ጥያቄ እስር ቤት ገብተው የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ። ዋሽቼ ከምያዝ እውነቱን ልናገር አልሁና "ውፍረት ልቀንስ ነው፤ ሐኪም አዞኝ" አልሁት። ከራሴ እስከ እግሬ አየኝ። ከንፈሩን ነከሰ። "እንዲያ ከሆነ ይለፉ።" ጥቂት እንደራቅሁ ሳቁ ከኋላዬ አመለጠው። ነገ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይወቅ።

ሐሙስ

ወደቅሁ።

ታደሰ ለእርሻ ሥራ ገጠር ከወረደ ሰነበተ፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ማኅበር የጠጡ ጎረቤቶች ድፎ ዳቦ ልከውልኝ ኖሯል። ቁራሽ ብቻ ብዬ ጀመርሁ። ጓዳ ውስጥ ቆሜ፣ መሶብ እንኳ ሳላቀርብ፣ አብዛኛውን ጨረስሁት። ያስለቀሰኝ ዳቦው ሳይሆን አቋቋሜ ነው፤ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ።

እማማ ጥሩ በዚያው ሰዓት ገቡ። ፍርፋሪውን ቀሚሴ ላይ አዩት። ይቆጡኛል ስል አጠገቤ ተቀመጡና አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "ክኩን የጠላሽው ጣዕሙን ነው ወይስ ልስላሴውን?"

በዕድሜዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም "ብይ" ነው ያለኝ፣ ወይ "ቀበጥ" ነው ያለኝ። አሰብሁ። ቆሎ እወዳለሁ። የዳቦ ቅርፊት እወዳለሁ። የተጠበሰ ድንች ጠርዙን እወዳለሁ። የሚያስጠላኝ የላሸቀው፣ የሚንሸራተተው፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሆነ የማይለየው ነው።

"ልስላሴውን" አልሁ።

"እንግዲያ ጎመኑን እስኪላሽቅ ቀቅዪ ያለሽ ማን ነው?"

ተነሥተው ከጓሯቸው ጎመን ቀነጠሱ። እንደ ፀጉር አቅጥነው ከተፉት፣ በጋለ ድስት ላይ አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርገው አወጡት፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ቃሪያ ጣሉበት። ጨው የለም። ጎኑ ላይ የሽምብራ ቆሎ። አፍንጫዬን ይዤ ጎረስሁ። ኮሽ አለ። መራራ ነው፣ ሎሚው ደግሞ ዓይን ያስጨፍናል። ግን ኮሽ አለ! ዋጥሁት። ወረደ። ደግሜ ጎረስሁ። ሳህኑ ባዶ ሆነ!

እማማ ጥሩ እልል ሊሉ ሲሉ አፋቸውን ያዝሁ። ለጎመን እልል ተብሎ አያውቅም።

ዓርብ

ጎመን ደገምሁ። ዛሬ የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ቃሪያው በዝቶብኝ አለቀስሁ። ቢሆንም በላሁት። ጫማዬን ሳስር ትንፋሽ ያጠረኝ አልመሰለኝም፣ ወይም ምኞቴ ነው።

ታደሰ አቧራ ለብሶ መጣ። ጥበቃው ነግሮታል! "ከተማውን ትዞሪያለሽ አሉ" አለኝ እየሳቀ። ጎመን መብላቴን ስነግረው ግን ሳቁን ተወ።

"አንቺ? ጎመን?"

"አዎ።"

እግሩን ሲታጠብ ቆየና ቀና ሳይል "ዘነቡን ካየናት ወዲህ እንቅልፍ ሲወስድሽ ትንፋሽሽን ነው የማዳምጠው" አለ። ለዚህ ሰው ስንት ዓመት ሽሮ ሳልቀምስ ሠርቻለሁ፤ ይህን እንደሚያስብ አላውቅም ነበር። ፎጣውን አቀበልሁት።

አመሻሹ ላይ ከሞጣ ስልክ ተደወለልኝ። የእትዬ ልጅ አልማዝ ናት፤ ትልቅ ልጅ ናት፣ እናቷን የምታስታምመው እሷ ናት። መስመሩ ይቆራረጣል፣ እሷም ታለቅሳለች። "አክስቴ፣ እማዬ እህል አልቀምስም ብላለች። ሐኪሙ ጨውና ቅባት ከልክሏል። ያለ ጨው የሠራሁትን ሁሉ ትገፋዋለች። ሻይ ብቻ ነው የምትጠጣው። እየሟሸሸች ነው።"

እኔ ለመክሳት እታገላለሁ፣ እሷ በረሃብ ታልቃለች። ነገ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ መንገዱን ሁሉ ጠበሰኝ። ደብረ ወርቅ ላይ ሲቆም ሴቶች "ትኩስ ዳቦ!" እያሉ በመስኮት አስገቡት። ሽታው! ፊቴን ወደ ሾፌሩ አዞርሁ። ቆሎዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

እትዬ አልጋው ላይ ግማሽ ሆናለች። አንገቷ ቀጥኗል። ግራ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተቀምጧል። ጠያቂዎች ተሰብስበው ከንፈር ይመጥጣሉ፤ አንዷማ እሷ እየሰማች "ያ ሁሉ ሰውነት የት ገባ?" አለች። እስኪወጡ ጠበቅሁ።

አልማዝ ሳህን ይዛ ገባች። ክክ አልጫ፣ ያለ ጨው። እትዬ ሳታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ።"

"ይኼን የበላ ምላስ..." ቃሉ ባንድ ጎን ይጎተትባታል፤ "...ምላስ አይደለም። አንቺስ ብትሆኚ ትበዪዋለሽ?"

"እበላለሁ።"

"ውሸታም።"

ሳህኑን ከአልማዝ ተቀበልሁ። ማክሰኞ ያደረገኝን አውቃለሁ። ግን እትዬ ዞራ እያየችኝ ነው። ጎረስሁ። ጉሮሮዬ ሊዘጋ ሲል የአልጋውን ጣውላ ጨብጬ ዋጥሁት። እንባዬ መጣ። ሁለተኛ ጎረስሁ፣ ሦስተኛ። ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ በግማሽ ፊቷ እየሳቀች ነው። "ፊትሽን... ብታዪው!" አልማዝ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች፤ እናቷ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ መስማቷ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ግን አልበላችም። "አንቺም ተይው፣ አሳዘንሽኝ" ብላ ሳህኑን ራቅ አደረገችው። ሳቋን አገኘሁ፣ ጉርሻውን አላገኘሁም። ነገ በሌላ በኩል እገባለሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ከጎረቤት ጓሮ ጎመን ለምኜ መጣሁ። አልማዝ ስከትፍ አይታ "አክስቴ፣ ጥሬ እኮ ነው! ቢያንቃትስ?" አለች። ፍርሃቷ ተጋባብኝ። በግራ በኩል ማኘክ ያቅታታል፣ ይህን አላሰብሁም ነበር። እንደገና ከተፍሁት፣ ከእማማ ጥሩም አቅጥኜ፣ እሳት ላይም ትንሽ አቆየሁት። ትራስ ደራርበን ቀጥ አድርገን አስቀመጥናት።

"በቀኝ በኩል ብቻ፣ ቀስ ብለሽ" አልኋት። "እኔም ከአንቺ ጋር አኝካለሁ።"

"ጎመን? ከመቼ ወዲህ?"

"ከሐሙስ።"

አንድ ጊዜ አጎረስኋት፣ አንድ ጊዜ ራሴ ጎረስሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ እንደ ፍየል እናላምጣለን። አንድ ጊዜ አሳላት፤ አልማዝ ጮኸች፤ እኔም ያለ የሌለ ቅዱስ ጠራሁ። ሳሉ አለፈ። ሎሚው ነው አለች እትዬ። አፏን ጠርጌ "ይብቃ?" አልሁ። አይብቃ ብላ ራሷን ወዘወዘች። እኩሌታውን በላች። ከዚያ ተኛች፤ እኔና አልማዝ ማድቤት ገብተን ተቃቀፍን።

ሰኞ፣ ሞጣ

ለዳይሬክተሩ ደውዬ እስከ ነገ ፈቃድ ለመንሁ። "የጤና ጉዳይ ነው?" አለ። የማን ጤና እንደሆነ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርሁት።

ሐኪሙ እትዬን አየና ግራ እጇ ይመለሳል አላለም፣ አይመለስም አላለም። ምግብ መጀመሯ ደህና ነው አለ። የእኔንም ለካልኝ። አሁንም ከፍ ያለ ነው፤ በአንድ ሳምንት የሚወርድ መስሎኝ ነበር። "ወራት ይፈልጋል፣ ይበርቱ" አለኝ። እበረታለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

ቤት ስገባ እትዬ ተቀምጣለች። ጎመኑን ሳወጣ "ወዲህ በዪ፣ የትናንቱን ቃሪያ እንደ ግንድ አድርገሽ ነው የከተፍሽው። ቢላዋውን ስጪኝ" አለች። አልማዝን አየኋት፣ አልማዝም እኔን። መክተፊያውን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ጎመኑን እኔ ይዤ፣ እሷ በቀኝ እጇ ከተፈች። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን፣ ግማሹ አልጋው ላይ ተበተነ። ጊዜ ወሰደ። ማንም አላጣደፋትም።

ከአንድ ሳህን በላን። መካከል ላይ እጇን አቆመችና አየችኝ።

"ሙሉዬ፣ ይኼ ነገር እኮ አይጣፍጥም።"

"አዎ" አልኋት። "አይጣፍጥም።"

ጥቂት አኘከች። ዋጠች።

"ጨምሪልኝ።"