ናያግራ ያልሄድኩበት ምክንያት

ጌታቸው ሆዴ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ካለህበት መልስ እንደማይመጣ ዓመቱን ሙሉ አይቼዋለሁ። ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት ሞላህ። ሰፈራችንን ሪጀንት ፓርክን አሁንም እያፈረሱ ይሠራሉ፤ ከመስኮታችን ይታይ የነበረውን ሰማይ አንድ አዲስ ፎቅ ወስዶታል። ልጃችን ሜሮን መኪና ገዝታ እኔን ገበያ ማመላለስ እንደ ጽድቅ ቆጥራዋለች። የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ የሙት ዓመትህን ጉዞ ጥዬ ሄጃለሁ፤ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማው ብዬ ነው።

ጉዞውን ያሰናዳው ተፈራ ነው። አዎ፣ ያው የማኅበራችን ሰብሳቢ ተፈራ፤ ስንት ዓመት ሙሉ “ጌታቸው፣ አሁንም ባስ ትጠብቃለህ?” እያለ ሲስቅብህ የኖረው። ስትሞት የልብ ወዳጅህ ሆኖ ቁጭ አለ። የሙት ዓመትህ ጸሎት በቤተ ክርስቲያን እንደተፈጸመ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኅበሩ በመኪና ተሰልፎ ናያግራ ይሄዳል፣ ጌታቸው በፏፏቴው ፊት ይታሰባል ብሎ ወሰነ። አንተን! ናያግራን አንዴ አይተህ “ውሃው ደህና ነው፣ ሰዉ ግን በዛ” ብለህ የተመለስከውን ሰውዬ! ቲሸርትም አሳትሟል። ከስንት ፎቶ መርጦ ያወጣብህ ደግሞ በሜሮን ሰርግ ላይ ከረባት አንቆህ የተኮሳተርክበትን ነው። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እኔ ምን አልኩት? “እግዜር ይስጥልኝ” አልኩት። ያንን ሰው እንቢ ማለት አቅቶኛል። ፊቱን ማየት ለምን እንዳስጠላኝ ሳልነግረው ነው ዓመቱ ያለቀው።

ጉዞ ምን እንደሆነ እኮ አያውቅም። ለእሱ ጉዞ ማለት መቀመጫው በሚሞቅ መኪና ተቀምጦ ስልኩ ታጠፍ ሲለው መታጠፍ ነው። ደርሶ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ ይውላል፣ ለፏፏቴው ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። ሰኞ የሚያወራው ስለ መንገዱ መጨናነቅ ነው። ውሃው ምን ይመስል ነበር ብትለው ስልኩን አውጥቶ ካላየ አይነግርህም።

አንተ ግን ስታቅድ! ያ አመል ከሮም ነው የመጣው። እዚያ የካናዳ ቪዛ ስንጠብቅ ሆቴል ማደር የማይታሰብ ነበርና፣ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልሰንን ባቡር ስታስስ ትከርማለህ፤ አንድ ቀን ኦስትያ ባሕሩ ዳር፣ ሌላ ቀን ቲቮሊ። ቶሮንቶ ስንገባም ሌላው መኪና ሲያማርጥ አንተ የባቡር ካርታ ላይ አፈጠጥክ። የማታው መመለሻ ሳይታወቅ የጠዋቱን አትነካም። በአንድ ቀን አንድ ከተማ፤ ከዚያ ካለፈ ስግብግብነት ነው ትል ነበር። ወደ ሃሚልተን ስንሄድ በግራ በኩል ታስቀምጠኝና ሐይቁ ብቅ ሲል በክርንህ ትጎስመኛለህ፣ መተኛቴን እያየህ። ስታናድደኝም ነበር። ባሪ ከተማ የሄድን ዕለት፣ ሐይቁ ዳር፣ በዚያ ቆፈን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቁላል ስልጥ “ይህ ሽርሽር ነው ቅጣት?” ብዬህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው ግን ባቡሩ ማንንም አለመጠበቁን ነው። እኛ በይሉኝታ ስንጠባበቅ ዕድሜያችን አለቀ ትል ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ጓሮ ያለው መኪና ማቆሚያ ተሰበሰብን። የዘገዩት እስኪደርሱ ቀድሞ የመጣው ቡና ሊገዛ ይሄዳል፤ እሱ ሲመለስ ሌላዋ የመጠጡን በረዶ ረስታ ቤቷ ሄዳለች። በሰዓቱ የመጣ እንደ ሞኝ ይታያል፣ ጥሎ የሚሄድ ደግሞ እንደ ክፉ። ተፈራ በመሐል እየተንጎራደደ “ካርፑል እናድርግ፣ መኪና ተጋሩ! እኔን ፎሎው አድርጉ፣ ማንም እንዳይጠፋ!” ይላል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ዙሪያዬን ሳይ በየሰዉ ደረት ላይ አንተ ተኮሳትረህ ታየኛለህ።

ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ነበር ከሜሮን መኪና የወረድኩት፤ አልዋሽህም። ግን የሳብዌው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ መግቢያ እዚያው አጠገብ ነው፣ እግሬ ወደዚያ መራኝ። ዩኒየን ባቡር ጣቢያ ስደርስ የመመለሻውን ሰዓት አይቼ በሃሚልተን መስመር የበርሊንግተኑን ባቡር ተሳፈርኩ። ለሜሮን ደህና ነኝ፣ አትጠብቁኝ ብዬ ጻፍኩላት። በግራ በኩል ተቀመጥኩ፤ የሚጎስመኝ አልነበረምና ሐይቁን ሳላየው አለፍኩ። አለቀስኩ።

በርሊንግተን ሐይቁ ዳር እንደተቀመጥኩ ተፈራ ደወለ። ገና ዳንፎርዝ ናቸው። ሰው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው፣ ለጌታቸው ክብር ስትዪ ተመለሺ አለኝ። ክብር! ዓመቱን ሙሉ ሳልነግረው የኖርኩት ነገር ያኔ ወጣ። ሆስፒታል ሊጠይቅህ የመጣ ዕለት፣ ልሂድ ብሎ ሲነሣ፣ ወጉ ነውና እስከ ሊፍቱ ሸኘሁት። ሊፍቱ መጣ፣ ሄደ፤ ደግሞ መጣ። እሱ በሩን በእጁ ይዞ ስለ አዲሱ መኪናው ያወራኛል። ልቤ አንተ ዘንድ ነው፣ ጥርሴ ግን ይስቅለታል። ስመለስ ነርሷ አልጋህ አጠገብ ቆማ ነበር፤ አንተ ሄደሃል። ለተፈራ “ባሌ ሲሞት እኔ አንተን እየሸኘሁ ነበር” አልኩት። ስልኩን ዘጋሁበት።

ናያግራ ይድረሱ አይድረሱ አልጠየቅኩም። ቲሸርቱን ለብሰው የፈለጉበት ይሂዱ። እኔ በየባቡሩ፣ በየሐይቁ ዳር፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ አስብሃለሁ። ከእንግዲህ ግን ሰው ለመሸኘት ብዬ ካጠገብህ አልነሣም።

ያንተው አሰለፈች